ከምርቃት በኋላ፦ ጀማሪ የሕግ ባለሙያዎችና አለቆቻቸው ደጋግመው የሚጠይቁት

በዚህ ሙያ ብዙ ቆይቻለሁ። መጀመሪያ ራሴ ጀማሪ ነበርኩ፤ ኋላ ደግሞ ጀማሪዎች ከእኔ ጋር ሠርተዋል። ጥያቄዎቹ ግን ያው ናቸው። አንዳንዶቹን እኔም በጊዜዬ ጠይቄ መልስ ያጣሁባቸው ናቸው። አብዛኞቹ የተመራቂዎች ናቸው፤ «ከአለቆች» የተባሉት ሁለቱ ደግሞ የአለቆች። አንዱ የሌላውን ቢያነብ አይከፋም።

ዲግሪዬን ተቀብያለሁ። ጠበቃ ሆንኩ ማለት ነው?

ገና ነው። ዲግሪው የሕግ ምሩቅ ያደርጋል። ጠበቃ የሚያደርገው ፈቃድ ነው፤ ወደ ፈቃዱ የሚወስደው መንገድ ደግሞ እንደየአገሩ ይለያያል።

ጀርመን ውስጥ ከመጀመሪያው የመንግሥት ፈተና በኋላ የሁለት ዓመት የተግባር ሥልጠና አለ። ሠልጣኙ ፍርድ ቤት፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የአስተዳደር መሥሪያ ቤትና የጠበቃ ቢሮ እየተዘዋወረ ይሠራል። ከዚያ ሁለተኛው ፈተና ይጠብቀዋል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ሶሊሲተር (በዋናነት ደንበኛን የሚያማክርና ሰነድ የሚያዘጋጅ ጠበቃ) መሆን ለሚፈልግ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ወጥ ፈተና ተዘጋጅቷል፤ ከፈተናው ሌላ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ልምዱን እስከ አራት ቦታ ከፋፍሎ መሙላት ይቻላል። ኬንያ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ በኋላ የኬንያ ሕግ ትምህርት ቤት አለ፤ በነባር ጠበቃ ሥር የሚደረግ የስድስት ወር ልምምድም አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ የፌዴራሉን ፈቃድ የሚመራው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው፤ ጠበቆች በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ በር የከፈተውም ይኸው አዋጅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠው በየግዛቱ ነው፤ በአብዛኛው በባር ፈተና፣ ማለትም በጥብቅና ፈቃድ ፈተና። ዊስኮንሲን ወጣ ያለች ናት። እዚያው ካሉት ሁለት የሕግ ትምህርት ቤቶች የተመረቀ ሰው ያን ፈተና ሳይወስድ ፈቃድ ማግኘት ይችላል።

መንገዱ ይለያይ እንጂ ብዙዎቹ አንድ ነገር ላይ ይገጥማሉ። ሰው ሥር ሆኖ የሚሠራበት ጊዜ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ያ ጊዜ ለቀጣሪው የተተወ ነው።

የራሳችሁን አገር ደንብ ከራሱ ከደንቡ አንብቡ። የማመልከቻ ቀን ያመለጣቸው ሰዎች ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፦ «እንዲህ ነው ብለውኝ ነበር።»

የመጀመሪያ ሥራዬን በምን ልምረጥ? በቢሮው ስም? በደመወዝ?

እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የጻፍኩትን ማን ያነበዋል?

የመጀመሪያው የክስ ማመልከቻዬ አምስት ገጽ ነበር። ኮርቼበታለሁ። አለቃዬ አነበቡት፣ ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡና «ደንበኛህ የሚፈልገው ምንድን ነው?» አሉኝ። «ገንዘቡን ነዋ» አልኩ። «የት ጻፍከው?» አሉኝ። ፈለግሁ። አራተኛው ገጽ ላይ ነበር፣ አንድ ረጅም ዐረፍተ ነገር መሐል ተቀብሮ። ያን ቀን አምስቱ ገጽ ሁለት ሆነ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። አምስት ዓመት ተምሬ ያላገኘሁትን ነገር ያገኘሁት በዚያ ሃያ ደቂቃ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

በተቃራኒው፣ አብራኝ የተመረቀች ጓደኛዬ ስሙ የገነነ ቢሮ ገባች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰነድ ኮፒ ስታደርግና ተለዋጭ ቀጠሮ ስትቀበል ቆየች። ሲቪዋ ላይ ያምራል። እሷ ግን በሦስተኛው ዓመት የመጀመሪያ መልሷን ስትጽፍ ልክ እንደ ትናንት ተመራቂ ነበር የጀመረችው።

ጠባይም ይወረሳል። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች ይባል የለ? አለቃችሁ ለዳኛ የሚዋሽ፣ የደንበኛ ስልክ የማያነሳ፣ ሁልጊዜ በመጨረሻው ቀን የሚያስገባ ከሆነ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ያ ሁሉ ተራ ነገር ይመስላችኋል። መማሩ ቀላል ነው፤ መተዉ ነው የሚከብደው።

ይህን እንዴት ታውቃላችሁ? ቃለ መጠይቅ ላይ «ጀማሪ የሚጽፈውን የሚያርመው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ስም ያለው ከሆነ ጥሩ ነው። «እዚህ ሁላችንም እንረዳዳለን» ከሆነ ግን ጠርጥሩ። ከቻላችሁ ደግሞ ከዚያ ቢሮ የወጣ ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ። የወጣ ሰው እውነቱን ይናገራል፤ ቅሬታውን ቀንሳችሁ ስሙት እንጂ።

ጥብቅና፣ ዐቃቤ ሕግነት፣ የድርጅት ነገረ ፈጅነት፣ የፍርድ ቤት ሥራ... ለጀማሪ የቱ ይሻላል?

በየቦታው የሚለመደው ነገር የተለያየ ነው። ዐቃቤ ሕግ ቤት ችሎት እንደ ልብ ነው። ምስክር መጠየቅ የሚለመደው እዚያ ነው፤ መዝገቡ ብዙ ስለሆነ ግን አንዱ ላይ ተቀምጦ ለማሰብ ጊዜ አይገኝም። ነገረ ፈጅ ጠብ ከመምጣቱ በፊት ያለውን ወገን ያያል፦ ውል፣ ግዥ፣ የሠራተኛ ጉዳይ፣ የቦርድ ቃለ ጉባኤ። የመከራችሁት ሥራ አስኪያጅ ነገ ጠዋት ኮሪደር ላይ ስለሚያገኛችሁ የምክራችሁን ውጤት ሳትወዱ ታዩታላችሁ። ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ማዕከል ደግሞ ከባለጉዳይ ጋር ፊት ለፊት ያገናኛችኋል፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት።

ምርጫው የእኔ ቢሆንና ዕድሜዬም ቢመለስ፣ በዳኛ ረዳትነት እጀምር ነበር። የሁለቱን ወገን ጽሑፍ በየቀኑ ማንበብ፣ የትኛው ዳኛውን እንዳሳመነና የትኛው እንዳሰለቸ ከወንበሩ በኩል ማየት፣ ያ ትምህርት ሌላ ቦታ የለም። ደግሞ የጀመራችሁበት ቦታ አያስራችሁም። ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገሩ ሰዎች ሞልተዋል።

ውጤቴ መካከለኛ ነው። አበቃልኝ?

ውጤት የመጀመሪያውን በር ይከፍታል ወይም ይዘጋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የሚጠይቃችሁ የለም። ኔልሰን ማንዴላ ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ዲግሪውን ሳይጨርስ ነው የወጣው፤ የመጨረሻውን ዓመት ፈተና ደጋግሞ ወድቋል። የሙያ ፈተናውን አልፎ ጠበቃ ሆነ። የሕግ ዲግሪውን ያገኘው በ1989 እ.ኤ.አ.፣ በርቀት ተምሮ፣ ገና እስር ላይ ሳለ ነው። (ፈተና መውደቅን እየመከርኩ አይደለም።)

የሚያስገባኝ ሰው የለኝም። ማመልከቻ አስገብቼ ዝም ነው።

ይህ እውነተኛ ችግር ነው። «ጠንክር ብቻ» ማለት መልስ አይሆንም።

ሩት ቤደር ጊንስበርግ በ1959 እ.ኤ.አ. ከኮሎምቢያ የሕግ ትምህርት ቤት ከክፍሏ አንደኛ ደረጃ ተጋርታ ተመረቀች። ኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነችው ሴት ማለቴ ነው። ያኔ አንድም የጥብቅና ድርጅት አልቀጠራትም። ሴት ናት፣ እናት ናት፣ አይሁዳዊት ናት። ያስገባት መምህሯ ጄራልድ ጉንተር ነው። ኤድመንድ ፓልሚየሪ ለሚባሉ ዳኛ «እሷን ካልቀጠርክ ከእንግዲህ ከኮሎምቢያ ተማሪ አልልክልህም» አለ፤ ካልሆነችም የሚተካት ሰው አዘጋጅቷል። ተቀጠረች፣ ሁለት ዓመትም ሠራች።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር አለ። መካሪና ተሟጋች የተለያዩ ሰዎች ናቸው። መካሪ ምክር ይሰጣችኋል። ተሟጋች ግን እናንተ በሌላችሁበት ክፍል ውስጥ ስማችሁን ያነሳል፣ የራሱንም ስም ያስይዛል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው በዘመድ ብቻ አይገኝም። ሥራችሁን ካየ ሰው ይገኛል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ያማከረ መምህር፣ ለልምምድ የወጣችሁበት ቢሮ ኃላፊ፣ የምስለ ችሎት ውድድር ላይ የዳኘ ጠበቃ።

ስትጠይቁ ደግሞ ለይታችሁ ጠይቁ። «ሥራ ካለ አስታውሱኝ» የሚል መልእክት በማግሥቱ ይረሳል። «እገሌ ቢሮ ጀማሪ እየፈለገ ነው፤ ስለ ሥራዬ ሁለት መስመር ሊጽፉልኝ ይችላሉ? የጻፍኩት ማስታወሻ አብሮ አለ» ቢባል ግን ሰውየው የሚያደርገውን ያውቃል። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። እምቢ ቢላችሁም አንድ መልእክት ነው የከሰራችሁት።

ትምህርት ቤት ያላስተማረኝ ምንድን ነው?

ብዙ ነው። ሦስቱን ብቻ ላንሳ።

አንደኛው ቀን ነው። ፈተና ላይ «ጉዳዩ በይርጋ ቀሪ ሆኗል» (የመጠየቂያ ጊዜው አልፎበታል) ብላችሁ ከጻፋችሁ ነጥብ ታገኛላችሁ። ቢሮ ውስጥ ግን ጉዳዩ በይርጋ ቀሪ የሚሆነው በእናንተ እጅ ነው። የይግባኝ ቀን፣ የመልስ ማቅረቢያ ቀን፣ የቀጠሮ ቀን፣ እያንዳንዱ ሁለት ቦታ ይጻፍ፤ አንዱ እናንተ ጋ፣ ሌላው ሌላ ሰው በሚያየው ቦታ። እኔ አንድ ጊዜ ቀጠሮ በቃሌ ይዤ ረቡዕ የነበረውን ሐሙስ ሄጃለሁ። መዝገቡ ተዘግቶ ጠበቀኝ። ለማስከፈት የጻፍኩት ማመልከቻ በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ ትሑቱ ነው።

ሁለተኛው ባለጉዳይ ማዳመጥ ነው። ሰው ታሪኩን ከመሐል ይጀምራል። የሚጎዳውን ነገር ይዘላል። ሆን ብሎ ላይሆን ይችላል፤ ስለሚያሳፍረው ነው። በቀጥታ «የደበቁኝ ነገር አለ?» ብትሉት ይቀየማል። «ሌላው ወገን ስለ እርስዎ ምን ይላል?» በሉት። ያኔ የደበቀውን ሁሉ በሌላው ወገን አፍ አድርጎ ይነግራችኋል። ይህችን ጥያቄ ማን እንዳስተማረኝ ረስቼዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን አድናኛለች።

ሦስተኛው ሬጅስትራር ቤት ነው። መዝገብ ቤት ያሉት ሰዎች የትኛው ወረቀት ለምን እንደሚመለስ ከእናንተ በላይ ያውቃሉ። ሰላምታ አትንፈጓቸው፤ ጠይቋቸውም። አዲስ ካባ ለብሶ መዝገብ ቤት ላይ የሚቆጣ ጀማሪ አይቻለሁ። ወረቀቱ ሦስት ጊዜ ተመለሰበት።

አለቃዬ «ይህን አጥኚ» ብሎኝ ሄደ። ምን እንደፈለገ አልገባኝም።

ሳይርቅ ጠይቂው። ለምን ሊጠቀምበት ነው? መቼ ይፈልገዋል? ምን ያህል ርዝመት? ከዚያ በራስሽ ቃል ድገሚለት፦ «ስለዚህ የምፈልገው ውሉ ያለ ምስክር ፊርማ ይጸናል ወይ የሚለውን ነው፣ አይደል?» ግማሽ ጊዜ «አይ፣ እሱን አይደለም» ይልሻል። ሁለት ቀን አተረፍሽ ማለት ነው።

ስትጽፊ መልሱ መጀመሪያ ይምጣ። «ይጸናል፤ ምክንያቱም...» ብለሽ ጀምሪ። ምርምርሽን በሠራሽበት ቅደም ተከተል አትተርኪው። ያላገኘሽውንም ጻፊ፦ «በዚህ ነጥብ ላይ ውሳኔ ፈልጌ አጣሁ» የሚለው መስመር እንደ መልሱ ሁሉ ዋጋ አለው።

ችሎት ፊት ቆሜ ቃል ጠፋብኝ። ይህ ሥራ አይሆነኝም ማለት ነው?

ማህተመ ጋንዲ ለንደን ተምሮ በ1891 እ.ኤ.አ. ወደ ህንድ ተመለሰ። ቦምቤይ ውስጥ የመጀመሪያ ጉዳዩን ያዘ፣ ትንሽ ጉዳይ ነበር። የከሳሽን ምስክሮች ለመጠየቅ ተነሳ። ራሱ ዞረበት፤ አንድም ጥያቄ አልመጣለት አለ። ተቀመጠ። ጉዳዩን ለሌላ ጠበቃ እንዲሰጡት ነግሮ፣ የተቀበለውን ሠላሳ ሩፒም መልሶ ወጣ። ድፍረት እስኪያገኝ ድረስ ጉዳይ ላለመያዝ ወሰነ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለአንድ ነጋዴ ጉዳይ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። እዚያ የመዝገቡን ፍሬ ነገር አንድ በአንድ አጠና፣ ሁለቱን ወገኖች አግባብቶ በግልግል እንዲጨርሱ አደረገ። ኋላ ሲናገር አብዛኛውን የጥብቅና ዘመኑን ያሳለፈው ሰዎችን በማስታረቅ እንደነበር ገልጿል። ንግግር የፈራው ሰው ሌላ መንገድ አገኘ፤ ንግግሩም ኋላ መጣ።

ለነገው ችሎት ግን ተግባራዊውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በቃል ያዙ። ከዚያ በኋላ አንደበት ይፈታል። ዳኛው የማታውቁትን ከጠየቀ «አጣርቼ በጽሑፍ ላቅርብ» ይባላል፤ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ገምቶ መመለስ ነው። ከቀጠሯችሁ በፊት ደግሞ አንድ ቀን ሂዱና እዚያው ችሎት ከኋላ ተቀመጡ። ዳኛው ሲቆጣም ሲስቅም እዩት። ሰው ያየው ነገር ያን ያህል አያስፈራውም።

ስሕተት ሠራሁ። እስካሁን ማንም አላወቀም። ልናገር?

ዛሬ። ነገ አይሆንም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ብዙ የሕግ ሥራ ስሕተት በሳምንቱ ይስተካከላል፤ በወሩ አይስተካከልም። ስትናገሩ ሦስት ነገር ይዛችሁ ግቡ፦ ምን እንደሆነ፣ ምን ሊያስከትል እንደሚችል፣ ምን ማድረግ እንደሚቻል። ይቅርታው አጭር ይሁን። አለቃችሁ ሊቆጣ ይችላል። ተደብቆ ኋላ ቢያገኘው ግን ከዚያ በኋላ የምትጽፉትን ሁሉ አያምንም፤ እሱ ነው ሥራ የሚያሳጣው።

ያለ ክፍያ «ለልምድ» ልሥራ?

ለጥቂት ሳምንት፣ ተማሪ ሆናችሁ፣ እየተማራችሁ ከሆነ ይሁን። ከምርቃት በኋላ ለወራት ከሆነ ግን እኔ አልስማማበትም። ያለ ደመወዝ መቆየት የሚችለው ቤተሰቡ የሚደጉመው ሰው ብቻ ነው። ሙያው ሳያውቀው የሀብታም ልጆችን እየመረጠ ነው ማለት ነው።

ጉዳዩ ሌላም ቦታ ያከራክራል። እንግሊዝ ውስጥ ባሪስተር (በዋናነት ችሎት ቆሞ የሚከራከር ጠበቃ) ለመሆን የሚደረገው የአንድ ዓመት ልምምድ ከዚያ በታች የማይወርድ የክፍያ ወለል ተቆርጦለታል። የህንድ ጠበቆች ምክር ቤት በ2024 እ.ኤ.አ. ለጀማሪ ጠበቆች በወር ቢያንስ 20,000 ሩፒ በከተማ፣ 15,000 ደግሞ በገጠር እንዲከፈል መክሯል። ምክር ነው፣ ግዴታ አይደለም። ቢሆንም ቁጥሩ ወረቀት ላይ መውጣቱ ራሱ ነገር ነው፤ ጀማሪው ይዞት የሚከራከርበት አገኘ።

ደመወዙ ትንሽ ከሆነና ቦታውን ከወደዳችሁት፣ በገንዘብ ያጣችሁትን በሌላ ተደራደሩ፦ በሳምንት ስንት ቀን ችሎት፣ ረቂቄን ማን ያርማል፣ ደመወዙ መቼ ይታያል። በጽሑፍ ይሁን። የሕግ ሰው ሆኖ በቃል ውል ሲቀጠር ማየት ያሳዝነኛል፤ ደግሞ ሞልቷል።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የጀማሪን ሥራ እየወሰደ አይደለም?

የተወሰነውን፣ አዎ። ሰነድ ማገላበጥ፣ የመጀመሪያ ረቂቅ፣ ማጠቃለያ። ችግሩ ጀማሪ ይማርበት የነበረው እሱ ነበር። ስለዚህ ማሽኑ የጻፈውን ብትጠቀሙ እንኳ መጀመሪያ የራሳችሁን ሞክሩ። ያለዚያ ስሕተቱን የምታዩበት ዓይን አይኖራችሁም።

ኒው ዮርክ ውስጥ በ2023 እ.ኤ.አ. የሆነውን ሰምታችሁ ይሆናል። ማታ የተባለ መንገደኛ አቪያንካ አየር መንገድን በከሰሰበት ጉዳይ ጠበቆቹ በቻትጂፒቲ የተፈለጉ ውሳኔዎችን ጠቅሰው አቀረቡ። ውሳኔዎቹ የሉም። ማሽኑ የፈጠራቸው ናቸው። ጠበቃው ራሱን ቻትጂፒቲን «እውነተኛ ናቸው?» ብሎ ጠይቆት ነበር፤ «አዎ» አለው። ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጣቸው። እኔን የሚገርመኝ ጥፋቱ የጀማሪ አለመሆኑ ነው። ፍለጋውን ያካሄደው ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራ ጠበቃ ነበር።

ማንኛውንም የጠቀሳችሁትን ውሳኔ ከምንጩ ከፍታችሁ አንብቡ። የደንበኛንም ምስጢር ማንም ወደሚያየው መሣሪያ አታስገቡ።

(ከአለቆች) ጀማሪ ቀጠርኩ። ጊዜ የለኝም። እንዴት ላሳድገው?

ጊዜ የሌለው ሰው የሚያደርገው ስሕተት አንድ ነው። ረቂቁን ተቀብሎ ራሱ ጽፎ ያስገባዋል። ይፈጥናል። ጀማሪው ግን ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ያመጣል፣ እርስዎም እንደገና ይጽፉታል። በዓመቱ መጨረሻ ሁለት ደመወዝ እየተከፈለ የሚሠራው አንድ ሰው ነው።

ሦስት ቦታ ያርሙና ለሦስቱም ምክንያት ይጻፉ። ሌላውን ራሱ ያስተካክል። «ይህ ይውጣ» በቂ አይደለም፤ «ይህ ይውጣ፤ ሳንጠየቅ እያመንን ነው» ሲባል ግን ለሃያ መዝገብ ያገለግላል። የመጨረሻውን ጽሑፍም ይላኩለት። የራሱን ረቂቅና የገባውን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያንብብ። ይህ ከእርስዎ አንድ ደቂቃ አይወስድም፤ የሚገርመኝ ግን አብዛኞቻችን አናደርገውም።

ይዘውትም ይሂዱ። የደንበኛ ስብሰባ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጥ፣ ማስታወሻ ይያዝ። ሲወጡ «ሰውየው ያልነገረን ምን ይመስልሃል?» ይበሉት። መኪና ውስጥ የሚደረግ አሥር ደቂቃ ወሬ ከማንኛውም ሥልጠና ይበልጣል።

ስለ ማንዴላ ቅድም አንስቼ ነበር። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጆሃንስበርግ ውስጥ ለልምምድ የተቀበለው ላዛር ሲደልስኪ የሚባል ጠበቃ ነው። ያኔ ጥቁር ተለማማጅ የሚቀበል የነጮች ቢሮ እጅግ ጥቂት ነበር። ሲደልስኪ ተለማማጆች የሚከፍሉትን ክፍያ ተወለት፤ ሥራውን ለምን እንደሚሠራ ጭምር ያስረዳው ነበር። አሮጌ ሙሉ ልብስም ሰጠው። ማንዴላ ያንን ልብስ እየጠጋገነ ለአምስት ዓመት ያህል ለብሶታል። በነሐሴ 1952 እ.ኤ.አ. ከትግል ጓዱ ከኦሊቨር ታምቦ ጋር የራሱን ቢሮ ከፈተ። ሲደልስኪ ያደረገው ነገር አንድ በአንድ ሲታይ ትንሽ ነው። ልብስ፣ ማብራሪያ፣ አንድ ወንበር።

(ከአለቆች) እኛም ተሰድበን፣ ሌሊት ሠርተን ነው ያደግነው። አሁን ያሉት ልጆች አይችሉም።

እኔም ይህን ብያለሁ፣ አልዋሽም። ግን ከተሰደብኩባቸው ቀናት የተማርኩትን ላስታውስ ስሞክር የሚመጣልኝ መደበቅ ብቻ ነው። ረቂቄን እስከ መጨረሻው ሰዓት ማንም እንዳያየው እይዘው ነበር።

የዓለም አቀፍ ጠበቆች ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ላወጣው ጥናት ወደ 7,000 የሚጠጉ የሕግ ባለሙያዎችን ከ135 አገሮች ጠይቆ ነበር። ከሴቶቹ ከሁለት አንዷ፣ ከወንዶቹ ከሦስት አንዱ በሥራ ቦታ ማንገላታት ደርሶብናል ብለዋል። ይህ የአንድ ጨካኝ አለቃ ወሬ አይደለም፣ የሙያው ልማድ ነው።

ጥብቅ መሆንና ማዋረድ ይለያያሉ። «ይህ ጽሑፍ አይገባም፤ ሁለተኛው ነጥብ ማስረጃ የለውም» ጥብቅነት ነው። «አንተ የት ነው የተማርከው?» ስድብ ነው፤ ደግሞም ጽሑፉ ላይ ምን እንደጎደለ አይናገርም።

ደክሞኛል። እንቅልፍ የለኝም። ሁሉም እንዲህ ነው?

ብዙው። አሜሪካ ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ወደ 12,800 ጠበቆችን ጠይቆ፣ 28 በመቶው የድብርት ምልክት እንዳለባቸው፣ ከአምስቱ አንዱ ያህል ደግሞ በመጠጥ አደጋ ላይ እንደሆነ አግኝቷል። በመጠጡ በኩል የባሰባቸው በሙያው የመጀመሪያ አሥር ዓመት ውስጥ ያሉት ናቸው። ብቻችሁን አይደላችሁም ማለት ነው። «ሁሉም እንዲህ ነው» ብሎ ዝም ማለት ግን አይገባም። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ካጣችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ደንበኛ ዘግይቶ ሲመጣ ምን እንደምትሉት ታውቃላችሁ።

የራሴን ቢሮ መቼ ልክፈት?

ፈቃድ ስላላችሁ ብቻ አትቸኩሉ። አንድን መዝገብ ከመጀመሪያው ምክክር እስከ ፍርድ አፈጻጸም ብቻችሁን ይዛችሁ ታውቃላችሁ? ደንበኛን «ይህ ጉዳይ አያዋጣዎትም» ብላችሁ መልሳችሁ ታውቃላችሁ? ሁለተኛው ነው የሚከብደው፤ የቤት ኪራይ ሲደርስ በተለይ። ሲከፈት ደግሞ የደንበኛ ገንዘብና የራሳችሁ ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን በተለያየ ሒሳብ ይቀመጥ። ጠበቃን ከሚያዋርዱ ነገሮች ዋነኛው እሱን ማደባለቅ ነው።

ብቻችሁን ስትሆኑ ያው የመጀመሪያው ጥያቄ ይመለሳል። ረቂቃችሁን ማን ያነበዋል? አንድ ሰው ፈልጉ፣ ተለዋወጡ። እኔና አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ የባለጉዳይ ስም እያጠፋን እስከ ዛሬ እንላላካለን። ባለፈው ሦስት ገጽ ልኬለት ነበር። የመለሰልኝ በአንድ መስመር ነው፦ «ገንዘቡ የታለ?»